አንድ ተማሪ፣ አንድ ጥያቄ፦ ስለ ኢንጂነሪንግ የመመረቂያ ፕሮጀክት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

ዛሬ የምንነጋገረው አምስት ዓመት ሲማር የቆየ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ስለሚሠራው የመጨረሻ ሥራ ነው። አምስት ኪሎም ይሁን አዳማ፣ ባሕር ዳር ፖሊም ይሁን ጅማ፣ ተማሪው ኢንተርንሺፑን ጨርሶ ወደ ግቢ ሲመለስ የሚጠብቀው የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። እኔ ግን ከዚህ ሰፊ ጉዳይ ውስጥ አንዱን ብቻ ነው ዛሬ የማነሳው፤ አንድ ተማሪ ለብቻው፣ የራሱን ጥያቄ ይዞ፣ በገዛ እጁ ለክቶና አስልቶ እስከ መልሱ ስለሚሄድበት ፕሮጀክት። በቡድን የምትሠሩ ተማሪዎችም አብራችሁኝ ቆዩ፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

በአንድ እውነተኛ ታሪክ ልጀምር። በፈረንጆች 1978 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ። ዳያን ሃርትሊ የምትባል የመጨረሻ ዓመት የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እያዘጋጀች ነበር። አማካሪዋ በድልድይና በትልልቅ ሕንጻዎች ጥናት የታወቁት ፕሮፌሰር ዴቪድ ቢሊንግተን ናቸው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለብቻው ጽሑፍ ማዘጋጀቱ የቆየ ልማድ ነው። ሃርትሊ የመረጠችው አንድ ሕንጻ ነው፦ ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ላይ ከአንድ ዓመት በፊት የተጠናቀቀው ሲቲኮርፕ ሴንተር።

ሕንጻው 59 ፎቅ ነው፤ ቁመቱ 279 ሜትር ይደርሳል። እንግዳ የሚያደርገው ግን እግሩ ነው። ከቦታው አንዱ ማዕዘን ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ ሕንጻው በላዩ አልፎ እንዲቆም ተፈለገ። ስለዚህ ዲዛይን ያደረገው መሐንዲስ ዊልያም ሌሜዡሪየር ዘጠኝ ፎቅ የሚያህል ቁመት ያላቸውን አራት ግዙፍ ምሰሶዎች በአራቱ ማዕዘን በማቆም ፈንታ በእያንዳንዱ ጎን መሐል ላይ አቆማቸው። ማዕዘኖቹ አየር ላይ ናቸው። ከላይ ደግሞ በየስምንት ፎቁ በቪ ቅርጽ የተጋደሙ ትልልቅ ብረቶች የሕንጻውን ክብደትና የነፋሱን ግፊት ሰብስበው ወደ ምሰሶዎቹ ያወርዳሉ።

ተማሪዋ ከዲዛይን ቢሮው ፕላንና ስሌት ጠየቀች፣ ተሰጣትም። ከዚያ ቁጭ ብላ ራሷ ታሰላው ጀመር። ያን ጊዜ የኒው ዮርክ የሕንጻ ደንብ የሚያስገድደው ነፋሱ የሕንጻውን ገጽ ፊት ለፊት ሲመታ ያለውን ጫና ማስላት ነበር። አብዛኛው ሕንጻ ማዕዘኖቹ ላይ ምሰሶ ስላለው ይኼ ይበቃዋል። ምሰሶው ጎን መሐል ላይ ለሆነ ሕንጻ ግን ነፋስ በማዕዘን በኩል መጥቶ ሁለት ገጾችን አንድ ላይ ሲገፋ ምን ይሆናል? ሃርትሊ ይህን ስታሰላ አንዳንዶቹ ብረቶች ላይ ጫናው ከፊት ለፊቱ ነፋስ በልጦ አገኘችው። በተሰጣት ሰነድ ውስጥ ደግሞ ይኼ ስሌት የለም። ቢሮው ውስጥ ለነበረ ወጣት መሐንዲስ ጠየቀች፤ ሕንጻው ችግር እንደሌለበት ነገራት። እሷም መልሱን ተቀብላ ጽሑፏን አስረከበች፣ ተመረቀች፣ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በዚያው ዓመት ሌሜዡሪየር ራሱ ስሌቱን እንደገና ሠራ። እሱ በኋላ እንደተናገረው መነሻው ስለ ሕንጻው እየጠየቀ ስልክ የደወለለት አንድ ተማሪ ነው፤ ያ ተማሪ ማን ነበር በሚለው ላይ የተለያየ ትረካ አለ፣ ሃርትሊም በቀጥታ ከእሱ ጋር እንዳልተነጋገረች ተናግራለች። እኛን ለዛሬ የሚጠቅመን ስሌቱ ነው። በማዕዘን በሚመጣ ነፋስ አንዳንዶቹ ተጋዳሚ ብረቶች ላይ ጫናው በ40 ከመቶ ይጨምራል። መገጣጠሚያዎቹ ደግሞ በመጀመሪያው ዲዛይን ብየዳ ነበሩ፤ በግንባታው ጊዜ ግን ወጪ ለመቆጠብ በብሎን እንዲተኩ ተደርጓል። እዚያ ብሎን ላይ ጭማሪው 40 አይደለም፤ 160 ከመቶ ነው።

እንዴት 40 ሄዶ 160 ሆነ? ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ካለ አንሱ፣ በቀላል ቁጥር ላስረዳችሁ። ነፋስ ሕንጻውን ሲገፋ አንዱን ወገን ወደ ላይ ይጎትተዋል። የሕንጻው የራሱ ክብደት ደግሞ ያንኑ ወገን ወደ ታች ይጫነዋል። ብሎኑ የሚሸከመው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ለምሳሌ ነፋሱ በ100 ቢጎትት፣ ክብደቱ በ75 ቢጫን፣ ለብሎኑ የሚተርፈው 25 ነው። አሁን ነፋሱ በ40 ከመቶ ጨምሮ 140 ይሁን። ክብደቱ ግን ያው 75 ነው፤ ሕንጻ ነፋስ ስለመጣ ክብደት አይጨምርም። ለብሎኑ የሚደርሰው 140 ሲቀነስ 75፣ ማለትም 65 ሆነ። ከ25 ወደ 65። ጭማሪው 160 ከመቶ ነው። ይህን የሚያህል ነገር በመደመርና በመቀነስ ይታያል፤ የሚያስፈልገው ጥያቄውን የሚያነሳ ሰው ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1978 ክረምት፣ የከተማው ባለሥልጣናት አካባቢውን ከሰው ነጻ ለማድረግ የሚያስችል ዕቅድ በምስጢር እያዘጋጁ፣ በየማታው ብረት በያጆች እየገቡ ከ200 በላይ በሆኑ መገጣጠሚያዎች ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሰሌዳ በየዱበት። በመሐሉ ኤላ የተባለው ከባድ የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ ወደ ኒው ዮርክ አቅጣጫ ይመጣ ጀምሮ ነበር፤ ደግነቱ ወደ ባሕር ዞረ። ሕዝቡ ይህን ሁሉ ያወቀው በ1995 በአንድ መጽሔት ሲታተም ነው። ዳያን ሃርትሊም ብትሆን ጽሑፏ የነካው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የሰማችው ከብዙ ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን በቀረበ ዘጋቢ ፊልም ምክንያት ነው። ነገሩ በዚያም አላበቃም። በቅርብ ዓመታት የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በዘመናዊ ዘዴ ሲያሰሉት፣ በማዕዘን የሚመጣው ነፋስ ያኔ የተፈራውን ያህል እንዳልሆነ ደርሰውበታል። እኔ ይህን የምጨምረው የተማሪዋን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ጥሩ ጥያቄ አርባ ዓመት ሙሉ መሐንዲስ እያሠራ ሊቆይ እንደሚችል እንድታዩት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ወደ አገራችን እንመለስ። ይህች ተማሪ የሠራችውን ልብ በሉት። አዲስ ሕንጻ ዲዛይን አላደረገችም፤ አዲስ ማሽን አልፈለሰፈችም። የቆመ ነገር መርጣ፣ ስለ እሱ አንድ ጥያቄ ጠይቃ፣ ስሌቱን በራሷ እጅ እስከ መጨረሻው ሠራችው። በተሰጣት ሰነድ ውስጥ የጎደለ ስሌት እንዳለ ያወቀችው ራሷ ስላሰላችው ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮጀክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በቡድን ነው፤ ሦስትም አራትም አምስትም ሆነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ተማሪው ብዙ ነው፣ አማካሪው ጥቂት ነው፣ ላብራቶሪው ጠባብ ነው፣ የዕቃ ዋጋ ደግሞ ለአንድ ተማሪ ኪስ አይቀመስም። በቡድን መሥራትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አሜሪካም ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻውን የዲዛይን ሥራ በቡድን ያሠራሉ፤ በብሪታንያ ግን የመጨረሻ ዓመት የግል ፕሮጀክት በጣም የተለመደ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቡድኑ ውስጥ የሚሆነው ነው። ማትላብ የሚችለው ማትላቡን ይይዛል፤ እንግሊዝኛው ጥሩ የሆነው ጽሑፉን ይይዛል፤ መርካቶን የሚያውቀው ዕቃ ይገዛል፤ አንዱ ፓወር ፖይንት ያሳምራል። ሁሉም ደክሟል፣ ሁሉም «ኤ» ያገኛል። ነገር ግን ከመካከላቸው ለአንዷ «ይህን ሬዚስተር ለምን በዚህ መጠን መረጣችሁት?» ቢሏት «እሱን የሠራው እገሌ ነው» ትላለች። አምስት ዓመት የተማረች ልጅ የአንድ ጥያቄን ሸክም ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳትሸከም ተመረቀች ማለት ነው። ይኼ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ የአሠራሩ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ክፍላችሁ የግል ፕሮጀክት የሚፈቅድ ከሆነ ድፈሩና ጠይቁ። የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ በቡድኑ ርዕስ ውስጥ ለእያንዳንዱ አባል የራሱ የሆነ፣ በአንድ አረፍተ ነገር የሚጻፍ፣ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ይኑረው። ሥራ መከፋፈልና ጥያቄ መከፋፈል አንድ አይደሉም። «አንተ ሃርድዌሩን፣ እኔ ሶፍትዌሩን» ማለት ሥራ መከፋፈል ነው። «ሴንሰሩ በስንት ዲግሪ ይሳሳታል? የሚለውን አንተ ታመጣለህ፤ መቆጣጠሪያው ያን ስህተት ይችለዋል ወይ? የሚለውን እኔ አመጣለሁ» ማለት ጥያቄ መከፋፈል ነው።

አሁን ወደ ርዕስ ምርጫው ልግባ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፖዛል ላይ የሚቀርቡ ርዕሶች ብዙ ጊዜ «የእንዲህ ያለ ማሽን ዲዛይንና ምርት» የሚሉ ናቸው። ለምሳሌ ለሜካኒካልም ለኤሌክትሪካልም ተማሪዎች ቅርብ የሆነውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ። «ኃይል ቆጣቢ የእንጀራ ምጣድ ዲዛይን» ብሎ የሚነሳ ሰው ምጣዱን፣ ሬዚስታንሱን፣ መቆጣጠሪያውን፣ አክንባሎውን፣ ቆርቆሮውን ሁሉ በጥቂት ወራት ልሠራ ነው እያለ ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀረው የሥዕልና የሲሙሌሽን ጥራዝ ነው። ጥያቄውን አጥብቡት። «በአንድ ቤት በአንድ ጊዜ የሚጋገረው የእንጀራ ቁጥር የምጣዱን የኃይል አጠቃቀም ምን ያህል ይለውጠዋል?» ይኼን አንድ ተማሪ ይጨርሰዋል። እንዴት እንደሆነ አብረን እንየው።

ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ይስባል፤ ለምሳሌያችን 3.5 እንያዝ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብን አንድን እንጀራ ለማብሰል በእውነት የሚያስፈልገው ሙቀት ስንት እንደሆነ ነው። ለዚህ የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ከመጋገሩ በፊት ሊጡን መዝኑት፣ ከምጣዱ ሲወጣ እንጀራውን መዝኑት። ሊጡ 500 ግራም ኖሮ እንጀራው 400 ግራም ቢመዝን፣ 100 ግራም ውኃ ተንኖ ሄዷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን 100 ዲግሪ ዝም ብሎ የገለበጠ ተማሪ እዚሁ ይታወቃል። አንድ ግራም ውኃ ለማትነን ወደ 2,270 ጁል ይፈጃል፤ ለ100 ግራም 227 ኪሎጁል። ሊጡን ከክፍሉ ሙቀት ተነስቶ እስከ መፍላት ለማድረስ ደግሞ ወደ 140 ኪሎጁል ጨምሩበት። ድምሩ 370 ኪሎጁል ገደማ፣ በቆጣሪ ቋንቋ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ያህል ነው።

ቀጥሎ ምጣዱ የበላውን እንቁጠር። እስኪግል 15 ደቂቃ ፈጀ እንበል፤ በ3.5 ኪሎዋት ይኼ 0.875 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ገና አንድም እንጀራ ሳይወጣ። ከዚያ እያንዳንዱ እንጀራ ከማፍሰስ እስከ ማውጣት ሦስት ደቂቃ ቢወስድ 0.175 ይጨምራል። አምስት እንጀራ ብቻ የጋገረች እናት 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ከፍላ ለእንጀራው የደረሰው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 29 ከመቶ። ሃያ የጋገረችው 4.375 ከፍላ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህሉ ለእንጀራው ውሏል፤ 47 ከመቶ። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ያመጣኋቸው ናቸው። የናንተ ሥራ ትክክለኛዎቹን በሰዓት፣ በሚዛንና በቆጣሪ ማግኘት ነው። ያን ጊዜ አክንባሎው በደንብ ቢገጥም፣ ከምጣዱ ስር ያለው ቦታ ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር ቢሞላ የትኛው ቁጥር እንደሚለወጥ መናገር ትችላላችሁ። የማሞቂያው 15 ደቂቃ ነው የሚያጥረው? ወይስ የመጋገሪያው ሦስት ደቂቃ? ይኼ ራሱ ሁለተኛ ተማሪ የሚይዘው ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አደራ። ምጣዱ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ፤ ለኩት። የሬዚስታንስ ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። መብራቱ 220 ቮልት መሆን ሲገባው በመንደሩ የምሽት ጫና 200 ቢደርስ፣ ቮልቴጁ የቀነሰው 9 ከመቶ ነው፤ ኃይሉ ግን 17 ከመቶ ይወርዳል፣ 3.5 የነበረው 2.9 ይሆናል። በጠዋት የለካና በምሽት የለካ ሁለት ተማሪ ስለ አንድ ምጣድ ሁለት የተለያየ ውጤት ይዘው ሊጣሉ ይችላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ልኬት አጠገብ ቮልቴጁ ይጻፍ። አንድን ነገር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ሪፖርታችሁም አማካዩን ብቻ ሳይሆን ትልቁንና ትንሹንም ያሳይ። ከመብራት ጋር ስትሠሩ ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ፤ የላብ ቴክኒሺያኑ አጠገባችሁ ይኑር።

(አጭር ሙዚቃ)

የሲቪል ተማሪዎች ደግሞ የእኛስ ትሉ ይሆናል። የናንተን ርዕስ ሳልጠይቅ መገመት እችላለሁ፤ ጂ ፕላስ ፋይቭ፣ ጂ ፕላስ ሰቨን፣ ቢበዛ ጂ ፕላስ ቴን ሕንጻ ኢታብስ በሚባለው ሶፍትዌር ዲዛይን ማድረግ። ከእናንተ በፊት የነበሩትም ሠርተውታል፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጡትም ይሠሩታል። ሕንጻውን አትተዉት፤ ጥያቄ ጨምሩበት። በየከተማችን የምታዩትን አስቡ፦ ምድር ቤቱ ሱቅ ስለሆነ መስታወት ብቻ ነው፣ ከላይ ያሉት ፎቆች ግን በብሎኬት ተከፋፍለዋል። በሶፍትዌሩ ሞዴል ውስጥ ብሎኬቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው እንደ ክብደት ብቻ ነው፤ ግድግዳው ፎቁን እንደሚያጠነክረው አይቆጠርም። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግን ላይኛዎቹ ፎቆች ጠንካራ፣ ምድር ቤቱ ልል ይሆናል፤ እንቅስቃሴው ሁሉ በምድር ቤቱ ዓምዶች ላይ ይሰበሰባል። «ብሎኬቱን እንደ ግትር አካል ሞዴል ውስጥ ባስገባው፣ የምድር ቤቱ ዓምድ ላይ የሚመጣው ኃይል በስንት ይለወጣል?» ይኼ የአንድ ሰው ጥያቄ ነው። ስምጥ ሸለቆ ለሚያቋርጣት አገር ደግሞ እጅግ የሚገባ ጥያቄ ነው።

ሶፍትዌር የሚሰጣችሁን መልስ በእጅ ሳትፈትሹ አትቀበሉ። ለመጀመር ቀላሉን ልንገራችሁ። የፎቁ ስፋት 300 ካሬ ሜትር፣ የወለሉ ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ አርማታ በሜትር ኪዩብ 25 ኪሎኒውተን ስለሚመዝን፣ ለካሬ ሜትር 3.75፣ ለፎቁ 1,125 ኪሎኒውተን ይመጣል፤ ይህ እንግዲህ የወለሉ ብቻ ነው። የዓምዱን፣ የቢሙን፣ የግድግዳውን እንዲሁ ደምሩና ኢታብስ መሠረቱ ላይ ከሚሰጣችሁ ድምር ጋር አስተያዩት። ካልተቀራረበ የሆነ ቦታ ጫና ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ ወይም ጨርሶ አልገባም። ይህን ለማወቅ ካልኩሌተርና ትዕግሥት ይበቃል፤ ሳታደርጉት አንድ መቶ ገጽ ውጤት ብታትሙ ግን ምን እንዳተማችሁ አታውቁም።

ደብተር ያዙ። ኮምፒውተር ላይ ቢሆንም አልከለክልም፤ እኔ ግን ወረቀቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የወረቀት ደብተር ላይ የተሰረዘውም ይታያል። ቀን ጻፉ፣ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ፣ ምን ይሆናል ብላችሁ እንደጠበቃችሁ ከመለካታችሁ በፊት ጻፉ። ያልሠራውን ሙከራ አታጥፉት፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ለምን እንዳልሠራ አጠገቡ ጻፉ። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ «ለምን ይህን መንገድ መረጣችሁ?» ሲሏችሁ መልሱ እዚያ የተሰረዘው ገጽ ላይ ነው ያለው።

ስለ አማካሪ ደግሞ። አማካሪዎቻችሁ ብዙ ቡድን ነው የሚይዙት፤ ክፍል ያስተምራሉ፣ ፈተና ያርማሉ፣ የራሳቸው የጥናት ሥራም አላቸው። ቢሮ ሄዳችሁ «መምህር፣ ፕሮጀክታችንን እንዴት ያዩታል?» ብትሏቸው መልሱ «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት» ይሆናል። አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለፈው ሳምንት የለካችሁት ቁጥር፣ ያላመናችሁት ቁጥር፣ እናንተ የመሰላችሁ ምክንያት። «መምህር፣ ይኼ ልኬት ከጠበቅሁት በእጥፍ በለጠብኝ፤ ምክንያቱ የሴንሰሩ አቀማመጥ ይመስለኛል፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብላ የገባች ተማሪ አሥር ደቂቃ ውስጥ የሳምንት ትምህርት ይዛ ትወጣለች። መምህሩም ይደሰታሉ፤ ማስተማር የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይናፍቃል።

ጊዜያችሁ እንደሚጣበብ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው አለ፤ ያም ንባብ ይፈልጋል። ብዙ ተማሪ ፈተናውን ፈርቶ ፕሮጀክቱን ወደ መጨረሻው ወር ይገፋዋል። በዚያ ጭንቅ ላይ ነው እንግዲህ የተዘጋጀ ፕሮጀክት የሚሸጥላችሁ ሰው የሚመጣው። ጽሑፉ፣ ሰርኪዩቱ፣ ፓወር ፖይንቱ፣ ሁሉ ተሟልቶ። እባካችሁ አትግዙ። ይህን የምለው ትያዛላችሁ ብዬ ለማስፈራራት አይደለም፤ ላትያዙም ትችላላችሁ። ነገር ግን ነገ ሥራ ላይ ትራንስፎርመር ምረጡ፣ ዓምድ ወስኑ ስትባሉ ፊርማችሁ ያርፍበታል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ከራሱ እስከ እግሩ ሠርታችሁ የማወቅ ዕድሉ ይኼ ብቻ ነው። ትንሽና ያልተሟላ፣ የራሳችሁ የሆነ ሥራ ይዛችሁ ብትቀርቡና «ቢ» ብታገኙ ይሻለኛል።

ጥያቄውን በጊዜ ካጠበባችሁት ደግሞ ጊዜው ይበቃል። እኔ የምመክረው የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ አንድ ሻካራ ልኬት፣ አንድ ሻካራ ስሌት እንዲኖራችሁ ነው። የተበደራችሁት መልቲሜትርም ይሁን የእናታችሁ ሚዛን፣ አንድ ቁጥር አምጡ። ከርዕሱ ጋር መዋደድ ወይም መጣላት የሚጀምረው ቁጥር ሲመጣ ነው፤ ካልሆነም ለመቀየር ገና ጊዜ አለ።

በዲፌንሱ ቀን ፈታኞች የሚጠይቁት አብዛኛው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት? መልሳችሁ «ለካሁት»፣ «አሰላሁት» ወይም «ከዚህ መጽሐፍ ወሰድኩት፣ የወሰድኩበትም ምክንያት ይኼ ነው» ይሁን። ያልለካችሁትን አልለካሁም በሉ። ሥራችሁ የት ላይ እንደሚያበቃ ቀድማችሁ ራሳችሁ ተናገሩ፤ «ይኼ ውጤት ለአንድ ምጣድና ለአንድ ዓይነት ሊጥ ብቻ ነው የሚሠራው» ያለ ተማሪ ሥራውን እንደሚያውቅ ፈታኙ ወዲያው ይገባቸዋል። በቡድን ከሆናችሁ ደግሞ አባላቱ ሁሉ ለየብቻ እንዲጠየቁ ራሳችሁ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና መምህራን የምታዳምጡን ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪዎቹ የሚያስረክቡት ጥራዝ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አቧራ ሲጠጣ የሚቀረው ትልቁ ሀብት ጥሬ ልኬቱ ነው፤ ሰንጠረዡ፣ ኮዱ፣ ያ የተሰረዘበት ደብተር። እሱም አብሮ ይረከብ፤ በትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ በዓመትና በርዕስ ተቀምጦ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ እንዲከፍተው ይሁን። ዘንድሮ አንዷ የሃያ እንጀራውን ቁጥር ካስቀመጠች፣ የከርሞው ተማሪ ከአክንባሎው ይጀምራል፤ ሦስተኛው ደግሞ በደሴ ወይም በአዋሳ ቮልቴጅ ያን ስሌት ይፈትሻል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የኢንተርንሺፕ ተማሪዎች ፋብሪካ ውስጥ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)